ላምባ ውስጥ የተቀመጠው ብረት

ወደ ሳቢያን ሰፈር በሚሄደው ሚኒባስ አጠገቤ የተቀመጠው ሽማግሌ በዚያ ሙቀት የቆዳ ጓንት አድርጓል። ጭኑ ላይ ላምባ የተሞላ ጠርሙስ አቅፏል፤ ላምባው ውስጥ ቁራጭ ብረት ይታያል። ከኋላ ያለችው ጫት ነጋዴ "አቦ ጠጣ፣ ሙቀቱ ይገድልሃል" ብላ ውሃ ስትዘረጋለት ጠርሙሱን ሸሽጎ መስኮቱ ላይ ተለጠፈ።

"ሶዲየም ነው" አለኝ በለሆሳስ። "የመጨረሻው ምህዋሩ ላይ አንዲት ኤሌክትሮን ብቻ አለችው። እሷን ለሌላ ካልሰጠ አያርፍም። ውሃ ካገኘ ይሰጣትና ይነድዳል።"

"ምን ልታደርግበት ነው?"

"ልጄን የወሰዳት ጎርፍ ነው" አለ፣ ወደ ተራራው ጥቁር ደመና እያየ። "ዛሬ እሱም ይቃጠላል።"

ደቻቱ ድልድይ ጋ ስንደርስ ወረደ። ሰዉ በደረቀው ወንዝ አሸዋ ላይ የዘረጋውን ዕቃ እየሰበሰበ ይሮጣል፤ ደራሽ ውሃው ከላይ ሲያጓራ ይሰማል። ሾፌራችን "ኧረ ተመለስ!" ብሎ ጮኸበት። ሰውዬው ግን ልጁን ከትምህርት ቤት ሊቀበል እንደሚሄድ አባት፣ ሳይቸኩል ወደ ወንዙ ወረደ።

ድልድዩን ስንሻገር በደረሰው ድፍርስ ውሃ ላይ ቢጫ እሳት ቦግ አለ። ሰውዬው አጠገቡ ቆሞ፣ ከጎኑ ማንም ሳይኖር፣ "አየሽ? አየሽ?" ሲል ሰማሁት።