በክርስትና ስሜ የተቀበረው መንገደኛ

ነገሩ ከሆነ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ዛሬም ቤተ ክርስቲያን ስሜ ሲጠራ ያባንነኛል።

የትራክተር መካኒክ ነኝ። የሰሊጥ አጨዳው ሲያልቅ መተማ ውስጥ ካለ አንድ እርሻ ሥራዬን ጨርሼ፣ መኪና ጠብቅ ብባል እምቢ ብዬ በእግሬ ወደ ከተማ ተነሣሁ። ብቻዬን መንገድ መሄድ ነፍሴ ነው። ሰው የሌለበት አገር ጆሮ ያሳርፋል እላለሁ። ጓደኞቼ ደግሞ፣ «አንተ ስትሄድ የሚያርፈውስ የእኛ ጆሮ ነው» ይላሉ።

ሐሩሩ ለጉድ ነው፤ ጥላዬ እንኳ እግሬ ሥር ተወሽቆ አልወጣም ብሏል። እኔ ግን ዓለምን የዞርኩ ይመስል እያፏጨሁ ስሄድ፣ አንድ ሰው ግራር ተደግፎ ተቀምጦ አየሁ። በፌስታል የተጠቀለለ አዲስ የሴት ሻሽ ደረቱ ላይ አቅፏል።

«ወንድሜ፣ ጥላውን ብቻህን ነው እንዴ የተከራየኸው? ጠጋ በልልኝ እንጂ!»

ዝም። የተኮሳተረብኝ መስሎኝ ሌላ ቀልድ ጨመርኩ። ትከሻውን ነካ ሳደርገው ወደ ጎን ወደቀ። ሞቷል።

ሬሳ ለአሞራ ጥሎ አይኬድም። ቅርንጫፍ ሰብሬ አሞራ እየከለከልኩ አጠገቡ ተቀመጥኩ። የምመኘው ብቸኝነት ይኸው መጣልኝ፤ አንዲት ቀልድ እንኳ ጠፋችብኝ።

በኋላ ሠራተኞች የጫነ ትራክተር ደረሰ። አንዱ ገና ሲያየው ራሱን ያዘ። «ውይ፣ ጎጃሜው! ወባው ይልቀቅህ ብንለው፣ ልጆቼ ናፈቁኝ ብሎ ወጣ እኮ!»

ጭነን ቤተ ክርስቲያን አደረስነው። ጉድጓዱ ተቆፍሮ ሲያልቅ ቄሱ፣ «ክርስትና ስሙ ማነው?» አሉ።

ሠራተኞቹ ተያዩ። «እኛ ጎጃሜው ነው የምንለው፣ አባ።»

«ጎጃሜው ብዬ ፈጣሪ ፊት ላቁመው? የዓለም ስሙስ?»

በእኛ ቆላ ሠራተኛ የሚጠራው በአገሩ ነው፤ ጎጃሜው፣ ወሎዬው፣ ጋይንቴው። አረሙንም አጨዳውንም አብረውት ከርመው፣ ከአንድ ትሪ በልተው፣ ስሙን የሚያውቅ ጠፋ።

«ኃይለ ሚካኤል» አልኩ።

«ታውቀዋለህ?»

«የራሴ ነው፣ አባ። እኔ እስክፈልገው ይገልገልበት።»

ማንም አልሳቀም። ቄሱ ትክ ብለው አዩኝና፣ «የእሱን ጌታ ያውቀዋል» ብለው ፍትሐቱን ጀመሩ። የገዛ ስሜ ለሙት ሲጠራ ቆሜ ሰማሁ። ሻሹንም ወዴት እንደምንልከው ስላላወቅን አብረን ቀበርነው።

ምን ያስዋሸኛል፣ መንገድ ዛሬም እወዳለሁ። ግን ጎጃም ውስጥ በር በሩን የምታይ አንዲት ሴት ትኖራለች፤ ሞተልሽ ብሎ የሚያረዳት የለም። ስለዚህ መንገድ ላይ ላገኘሁት ሁሉ ስሜን ከነአባቴ፣ ከነክርስትናዬ እነግረዋለሁ። ሰዉ ሐሩር አናቱ ላይ የወጣበት ይለኛል። ይበለኝ። የእሱንም ስም ሳልቀበል አልለቀውም።