ሞቼ ሳለ የሰማሁት

ልጅ እያለሁ ሞቼ ነበር። ሞቼ ሳለ ታናሽ ወንድሜ የትምህርት ቤት ቦታዬን ወሰደብኝ፤ ስመለስ አልመለሰልኝም። ነገሩ ይኸው ነው።

ያደግኩት ሸዋ ሮቢት ነው፤ ሙቀቱ ምላስን ከላንቃ የሚያጣብቅበት፣ ወባ እንደ ጎረቤት ሳታንኳኳ የምትገባበት አገር። አባቴ ወፍጮ ቤት ነበረው። የእኔ ዘመን ሰዎች የወፍጮ ቤት ሽታ አይጠፋችሁም፤ የናፍጣ፣ የጋለ ቀበቶና የትኩስ ዱቄት ድብልቅ። ሞተሩ ሲነሳ የቤታችን ግድግዳ ይንቀጠቀጥ ስለነበር እኛ ቤት የሚወራው በጩኸት ነው። እስከ ዛሬ አሜሪካ፣ ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ከተማ ውስጥ ስልክ ሳነጋግር የሰማኝ ሁሉ ከሰው የተጣላሁ ይመስለዋል። የዱቄቱ ብናኝ ቅንድባችን ላይ ያርፋል፤ እኔና ታናሼ አስፋው ገና በስምንትና በስድስት ዓመታችን ሽበታም መስለን፣ በሸንኮራ አገዳ ጎራዴ ስንጨፋጨፍ እንውል ነበር። ሲደክመን ጎራዴያችንን እንበላዋለን።

የአባቴ እህት እትዬ በለጡ የሚኖሩት ደብረ ብርሃን ነው። ልጅ ስላልነበራቸው ከሁለታችን አንዳችንን ወስደው ሊያስተምሩ ከአባቴ ጋር ተስማሙ። አንዱን ብቻ፤ ሌላው ለወፍጮው ይቀራል። ታላቅ እኔ ነኝና እኔ ተባልኩ። እትዬ በለጡ ሊወስዱኝ ሲመጡ አዲስ የሸራ ጫማ ይዘውልኝ መጡ። ወዲያው አላደረግኩትም፤ መጀመሪያ አሸተትኩት። የዚያ ላስቲክ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። እግሬ ሳይገባበት ንዳድ ጣለኝ፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ሞትኩ።

ሞትኩ ስል አትሳቁ። መስታወት አፍንጫዬ ላይ አስጠግተው ፈትነዋል፣ ጉም አልያዘም። ሁለት አውራ ጣቶቼን በክር አስረው፣ በነጠላ ገንዘውኝ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጋር ግድግዳ በሚጋራው ክፍል አጋድመውኝ ነበር። እዚህ አሜሪካ ሞተው የተመለሱ ሰዎች በቴሌቪዥን እየቀረቡ ዋሻ አየን፣ ብርሃን አየን፣ አያታችን በአበባ መሐል ቆማ ጠራችን ይላሉ። ይመቻቸው። እኔ ያየሁት የለም። ብርሃን ቢሉ፣ እንኳን ለሞትነው በሕይወት ላሉትም መብራት አልገባልንም ነበር። እኔ የምሰማ ብቻ ነበርኩ።

መጀመሪያ የሰማሁት አስለቃሿን ወይዘሮ ማሚቴን ነው። ሀ ሁ ያልቆጠርኩትን ልጅ «አንባቢው፣ ጸሐፊው» እያሉ አስለቀሱብኝ። እውነቴን ነው፣ ከዚያ ወዲህ ማንም እንደዚያ አሞግሶኝ አያውቅም። ቀጥሎ የእትዬ በለጡ ድምፅ መጣ። «ባዶ እጄን አልመለስም፣ ትንሹን ስጡኝ» አሉ። አባቴም «ይሂድ፤ ቃሌ ነው» አለ። ከዚያ የጫማዬን ድምፅ ሰማሁ። አዲስ ላስቲክ ሲታጠፍ ይንጣጣል። «ይሰፋዋል» አለ አንዱ። «ጫፉ ላይ ጨርቅ ጎስጉሱበት» አሉ አክስቴ። እኔ እዚያው እግራቸው ሥር ተገንዤ ተጋድሜያለሁ፤ ጫማዬን ለወንድሜ ይለካሉ።

ለቅሶኛው ብዙ ነበርና ዱቄት አለቀ። አባቴ ለኀዘኑ ሲል ያቆመውን ወፍጮ ለለቅሶኛው እንጀራ ሲል አስነሳው። ግድግዳው ተንቀጠቀጠ፣ ብናኙ በስንጥቁ ገባ፣ ነጠላውንም አልፎ አፍንጫዬ ደረሰ። አስነጠስኩ። ወይዘሮ ማሚቴ ሙሾአቸውን አቋርጠው ከልማድ «ይማርህ» አሉኝ። የተናገሩት ለማን እንደሆነ የገባቸው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያ ዕድሜያቸው የግቢያችንን አጥር እንዴት እንደዘለሉት ሮቢት እስከ ዛሬ የሚያወራ ይመስለኛል። ቤቱ ባንድ አፍታ ባዶ ሆነ። ያልሸሸችው እናቴ ብቻ ነበረች፤ የጣቶቼን ክር በጥርሷ በጠሰችው።

ተነሳሁ፤ ጫማዬን ጠየቅኩ። አስፋው አድርጎት ደጅ ላይ ይንጎራደዳል። እትዬ በለጡ ከሩቅ አዩኝና «ይኼ እኮ አንዴ የሞተ ልጅ ነው፤ እኔ ቤት ቢደግመው ምን እላችኋለሁ?» አሉ። አባቴም «ሬሳ ፊት የሰጠሁትን ቃል አላጥፍም» አለ። ሬሳው እኔ ነኝ፣ ይኸው ተነስቻለሁ፤ ቃሉ ግን አልተነሳም። ሮቢትም ትምህርት ቤት ነበር፤ እናቴ ደግሞ ፊደል ጭንቅላት ያሞቃል፣ ንዳዱ ይመለስበታል ብላ ከለከለች። አስፋው በማግስቱ በአውቶቡስ መስኮት እጁን እያውለበለበልኝ ሄደ። እኔ ወፍጮ ቤት ገባሁ።

ከሞት የተመለሰ ልጅ መሆን ለጨዋታም አይመችም። ጦርነት ስንጫወት መጀመሪያ የምሞተው እኔ ነኝ፤ «አንተ ታውቅበታለህ» ይሉኛል። እህል ሊያስፈጩ የሚመጡ ሴቶች ደግሞ ጆሮዬ ላይ አጎንብሰው ስለሟቾቻቸው ይጠይቁኛል። አንዲት ባልቴት ባላቸው እዚያ ብቻቸውን ይሁኑ ወይስ ከቀድሞዋ ሚስታቸው ጋር ማወቅ ፈለጉ። ብቻቸውን ናቸው አልኳቸው፤ አንድ ሙሉ ሸንኮራ ሰጡኝ። የሰፈራችን ቄስ ይህን ሰምተው «ጌታ ያስነሳው አልዓዛርን ነው፣ የወፍጮ ቤቱን ልጅ አይደለም» ብለው ገሠጹኝ፤ ሸንኮራውም ቆመ።

ዓመታት ሄዱ። አስፋው ተማረ፣ ቢሮ ገባ፣ አሜሪካ መጣ። ቆይቶ እኔንም ያመጣኝ እሱ ነው፤ ይህን እንዳልረሳው በየጊዜው ያስታውሰኛል። እሱ ከከተማው ወጣ ብሎ ፒከሪንግተን ቤት ገዝቷል። እኔ ዋይንላንድ ፓርክ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ኒው አልባኒ ዌርሃውስ ውስጥ የዕቃ ማንሻ መኪና፣ ፎርክሊፍት እነዳለሁ። ፊደል የቆጠርኩት እዚሁ ነው፤ ከሃምሳ ዓመቴ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት፣ ከሕፃናት ጋር። እነሱ አማርኛ አይችሉም፣ እኔ ፊደል አልችልም፤ ተረዳዳን።

የሚካኤል ጽዋ ማኅበር አለን፤ በየወሩ በየቤታችን ይዞራል። የወሩን ንባብ የሚያነበው ሁሌ አስፋው ነው። ድምፁን እንደ ሬዲዮ ጋዜጠኛ ያሳምራል። እኔ በር አጠገብ ተቀምጬ ዳቦ እቆርሳለሁ። ይህን እችለው ነበር። ያልቻልኩት ከንባቡ በኋላ የሚያመጣውን ወሬ ነው። «ታላቄን እኮ ሊያስተምሩት ነበር፤ አልሄድም ብሎ አልቅሶ ነው እኔ የሄድኩት» ይላል፤ ሰው ይስቃል። ሞቼ ነው የቀረሁት፣ ጫማዬ ውስጥ ጨርቅ ሲጎሰጉሱልህ ሰምቻለሁ ስለው፣ «ጨርቅ የሚባል ነገር አልነበረም፣ ትኩሳቱ ነው ያስቀባጠረህ። የሞተ ሰው አይሰማም» ይለኛል። አባታችን፣ እናታችን፣ አክስታችን ሁሉም አልፈዋል፤ ምስክር የለኝም። እኔ የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ በሰው ፊት እውነቱን እንዲናገር።

ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ተራው የአስፋው ሆኖ ማኅበሩ ፒከሪንግተን ነበር። አስፋው ቆሞ እያነበበ መሐል ላይ ዝም አለ። ለማሳመር ቆም ማለት ያበዛ ስለነበር ማንም አልደነገጠም። ከዚያ እንደ ጆንያ ወደቀ። አባላችን ጽጌ ነርስ ናት፤ አንገቱን ዳሰሰችና «ፐልስ የለውም፣ ናይን ዋን ዋን ኮል አድርጉ» ብላ ደረቱን በሁለት እጇ ትጫን ጀመር። ቤቱ በለቅሶ ተናወጠ። የማኅበራችን መሪ፣ ሙሴው ጋሼ ወርቁ ግን ሥርዓት የማይለቁ ሰው ናቸው። «ንባቡ መሐል ላይ አይቋረጥም። የወንድማችን ነፍስ በዚህ ላይ ናት። ማን ይቀጥላል?» አሉ። ማንበብ የሚችለው ሁሉ ያለቅሳል።

«እኔ» አልኩ።

«አንተ? ታደሰ?»

«እኔ።»

የአስፋው መነጽር ምንጣፉ ላይ ወድቆ ነበር። አነሳሁና አደረግኩት። «ይሰፋኛል» አልኩ። «በእጅህ ደግፈው። በል፣ ቦታው ያንተ ነው» አሉኝ ጋሼ ወርቁ። ደገፍኩት፤ ማንበብ ጀመርኩ። አላለቀስኩም። አንዷ ቃል ላይ ተሰናክዬ ደጋገምኳት። አንድ ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ አምቡላንሱ ደረሰ።

አስፋው ሆስፒታል ውስጥ ሲነቃ አልጋው አጠገብ ልጁ ሊዲያና እኔ ነበርን። ከጉሮሮው ቱቦውን ገና ማውጣታቸው ነው። ሊዲያ እጁን ይዛ «ዳድ፣ ዩ ዌር ዴድ» አለችው፤ ሞተህ ነበር ማለቷ ነው። እሱ ወደ እኔ ዞረ።

«መነጽሬን» አለ በሻከረ ድምፅ። ሰጠሁት። «አንተን የሰፋህ ራስህ ትንሽ ስለሆነ ነው።»

ልጅቷን አየኋት። እሷ ያን ቀን ቤት አልነበረችም። ሌላ ሰው ገና አላነጋገረውም።

«ማን ነገረህ?»

«ሰማሁህ። ጋሼ ወርቁንም ሰማኋቸው። ስታነብም ሰማሁ። አንዷን ቃል ስትደጋግማት ተነስቼ ላርምህ ፈልጌ አቃተኝ።»

«የሞተ ሰው አይሰማም ስትል አልነበር የኖርከው?»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።  ሐኪሙ ገባ፤ ሊዲያ አስረዳችው። እሱም አንዳንድ በሽተኛ እንዲህ ይላል፣ ደረት ሲጫኑ ወደ አንጎል ጥቂት ደም ስለሚሄድ ሊሆን ይችላል፣ በእርግጥ ግን አናውቅም ብሎ ወጣ። አናውቅም ለማለት ያን ሁሉ ዓመት ተምሯል። እኔ ነፍስ ከሞት በኋላ ወዴት እንደምትሄድ አልከራከርም፤ አላየሁም። ጆሮ ግን ቶሎ እንደማይሄድ እኔም አስፋውም እናውቃለን።

ልወጣ ስነሳ አስፋው ከግድግዳው ሳይዞር ተናገረ።

«ቀይ ነበር።»

«ምኑ?»

«ጨርቁ። ቀይ ነበር። ስሮጥ ጣቴን ይነካኝ ነበር።» ቀጥሎ «ወንድም ጋሼ» አለኝ። ደብረ ብርሃን ከሄደ ወዲህ በስሜ እንጂ እንዲህ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም።

ወጣሁ። በሰው ፊት ነበር የጠየቅኩት፤ ሆስፒታል ውስጥ ለግድግዳ ሹክ ማለት ማንንም አያኮራም። መኪና ማቆሚያው ድረስ ግን የሄድኩበት አልታወቀኝም።

ወርኃዊውን ማኅበር ለሥራ ሲባል ቅዳሜ ላይ እናውለዋለን፤ የኅዳር ሚካኤል ግን ሥራ ኦፍ ተወስዶም ቢሆን በዕለቱ ይከበራል። አስፋው ጽጌ ደረቱን ስትጫን የተሰበሩ ጎድኖቹን በትራስ አቅፎ መጣ፣ ሰው ሁሉ እልል አለለት። ጋሼ ወርቁ መጽሐፉን ለእሱ ዘረጉለት። አስፋው አልተቀበላቸውም።

«እኔ አላነብም። ጋሼ ወርቁ፣ ያን ቀን ሬሳዬ ፊት ታላቄን ቦታው ያንተ ነው ብለውታል። እዚያው ተጋድሜ እሰማ ነበር። አባታችን ሬሳ ፊት የሰጠሁትን ቃል አላጥፍም ይል ነበር፤ እኔም የተማርኩት በዚያ ቃል ነው» አለ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረ። «ደግሞ ታላቄ ትምህርት ቤት አልሄድም ብሎ አያውቅም። ሞቶ ነው የቀረው። ጫማውም የሱ ነበር፤ እኔን ይሰፋኝ ነበር።»

ጽጌ ሳቋን ለመያዝ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። ጋሼ ወርቁ እንደ ዳኛ ራሳቸውን ነቀነቁና መጽሐፉን ወደ በሩ፣ ወደ እኔ አመጡት። የራሴን መነጽር ገዝቼ ነበር፤ ተነስቼ ቆምኩና አደረግኩት። ጣቴን መስመሩ ሥር አድርጌ ጀመርኩ። ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ ዳቦው ቀዘቀዘ፣ ሊዲያም ከኋላ «ሂ ኢዝ ሶ ስሎው» ስትል ሰማሁ። ሸዋ ሮቢት ላይ ሞቼ፣ ፊደል ሳልቆጥር «አንባቢው» ተብዬ ተለቅሶልኛል። ዛሬ ኦሃዮ ውስጥ በሕይወቴ፣ በገዛ ዓይኔ ሳነብ፣ የሚያሞግስ ወይዘሮ ማሚቴ የለም፤ ቶሎ በል የምትል ልጅ ነው ያለችው። ቢሆንም ያኛውን የሰማሁት ተገንዤ ነው፤ ይኼኛውን ቆሜ።

ወደ መጨረሻው ገጽ ስደርስ አስፋው ትራሱን ጨብጦ አስነጠሰ፤ ጎድኑ አመመውና አቃሰተ። እኔም ጣቴን ከመስመሩ ሳላነሳ፣ በወፍጮ ቤት ድምፄ፣ «ይማርህ» አልኩት። ሁለታችንም በአንዴ ሳቅን፤ እሱ ጎድኑን ይዞ፣ እኔ መስመሩን ይዤ። ምን እንዳሳቀን ሌላው ሰው አልገባውም። ኅዳር 12 ቀን ነበር።