የእሳትና ዲን ስብከት

ክብሪት ስጭር የዲኑ ሽታ ሱዳን፣ ወደ ገዳሪፍ የስደተኞች መጠለያ ይመልሰኛል። ዘመኑ የራብ፣ ወሩ ዐቢይ ጾም ነበር። የመጠለያው ቄስ ከሸራ ጥላ ሥር ቆመው፣ "በጾም የእርዳታ ወተት የቀመሰ፣ እሳትና ዲን ይዘንብበታል!" ይላሉ።

"ጀመሩ ደግሞ እሳትና ዲን ማዝነብ!" አለ አባቴ። የሚያስፈራራ ስብከት ሲሰማ ሁልጊዜ የሚለው ነው። እኔ ግን ገና ለጾም ያልደረስኩ ልጅ ነኝና የምሩን መስሎኝ ሰማዩን አያለሁ።

እናቴ አራስ ወንድሜን ታጠባ ነበር። የታደላትን ወተት ለእኔ ሰጥታ እሷ ውሃ ጠጣች። ጡቷ ደረቀ። ሕፃኑም ከኩባያ አልወስድ አለ፤ መጀመሪያ ማልቀሱን ተወ፣ ቀጥሎ መተንፈሱን።

ከቀብር መልስ ቄሱ አጠገቧ ተቀመጡ።

"የምታጠባ እናት እኮ በዚህ ራብ አትጾምም። ምነው ብትጠይቂኝ ልጄ?"

"መቼ ዝም አሉና ልጠይቅዎ፣ አባ?"

ክብሪቱ ጣቴን ለበለበኝ።