ሦስት ቅጂ የባቡር ሰዓት

በደርግ መጨረሻ ዓመታት ድሬዳዋ ላይ ስኳር ለማግኘት ቀበሌ ሱቅ ደጃፍ መሰለፍ ግድ ነበር። ኮምፒውተር ለማግኘት ግን ሰልፍ የለም። ብሩ ያለው ሰው ከጅቡቲ በሚመጣው ባቡር፣ በሽርጥ ተጠቅልሎ፣ ከሽቶና ከስፓጌቲ ጋር ይገባለታል። ለአባቴም የገባለት እንደዚያ ነው። ያመጣችለት መጋላ ሰፈር ሱቅ ያላት ሶማሌ ደንበኛችን ነበረች። ዕቃው ምን እንደሚሠራ ስንጠይቃት፣ እሷ የምታውቀው ውሃ እንደማይወድ ብቻ መሆኑን በወላሂ አረጋገጠችልን።

አባቴ ባቡር ጣቢያ ጸሐፊ ነበር። ፈረንሳይኛ ስለሚያነብ ከዕቃው ጋር የመጣውን መጽሐፍ ተረድቶታል፤ ቢያንስ እሱ እንደዚያ ይላል። ኮምፒውተሩ ከታይፕ መኪና ላይ ፊደሉ ብቻ ተገንጥሎ የቀረ ይመስላል። በአንድ ሽቦ ከቴሌቪዥናችን፣ በሌላ ሽቦ ከቴፓችን ጋር ይያያዛል። የጻፉለትን ሁሉ ካሴት ላይ ካልቀዱለት መብራት ሲጠፋ ይረሳዋል። መብራቱ ደግሞ እኛ ሰፈር፣ ከዚራ ውስጥ፣ ባሻው ጊዜ እየመጣ የሚጠይቀን እንግዳ ነበር።

ታዲያ አባቴ በዚህ የሥልጣኔ ውጤት ምን ሠራበት? የባቡር መነሻና መድረሻ ሰዓት ጻፈበት። ቁጥር ሲነካ የአንዱ ጣቢያ ሰዓት ቴሌቪዥኑ ላይ ብቅ ይላል። ባቡሩ ይህን ሰዓት አንድም ቀን አክብሮት አያውቅም። ቢሆንም አባቴ ሥራው እንዳይጠፋበት ከአብዮቱ የጠነከረ ሥርዓት ዘረጋ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስት ቅጂ ይቀዳል። አንዱ ቤት መደርደሪያው ላይ ይቀመጣል፤ አንዱ ለእሳት ቢሆን ብሎ መጋላ ደንበኛችን ሱቅ ይሄዳል፤ አንዱ ደግሞ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከተማውን ቢጠርገው ተብሎ ከከተማው ወጣ ብሎ መልካ ጀብዱ እህቱ ቤት ይላካል። አክስቴ የባቡር ሰዓት ከጎርፍ የምታድነው ለምን እንደሆነ እየጠየቀች ሣጥኗ ውስጥ ትቆልፈው ነበር። ከቀዳ በኋላም መልሶ ያጫውተዋል፤ ቅጂው ከዋናው ጋር ፊደል በፊደል ካልገጠመ እንደገና ይቀዳዋል። ካሴቱ ሲጫወት ጅራቷ በር ላይ የተቀረቀረባት ድመት ድምፅ ያወጣል። ቅዳሜ ከሰዓት ጎረቤት እንግዳ አይጠራም ነበር።

ለዚህ ሁሉ ጥንቃቄ በቤታችን አንድ ነገር ብቻ ባዕድ ነበር፤ የወንድሜ ድምፅ።

ወንድሜ የብሔራዊ ውትድርና ጥሪ ሲደርሰው አባቴ ሄደህ ተመዝገብ አለው። የመንግሥት ሠራተኛ ነዋ፤ ልጁ ቢቀር ስብሰባ ላይ ስሙ ይነሳል። ወንድሜ ሌሊቱን ልብሱን ሸከፈ። በማግስቱ ጅቡቲ ገባ፤ እናቴን ስሟት፣ እኔን ስሞኝ፣ አባቴን ሳይሰናበት። ከብዙ ወራት በኋላ መጋላ ያለችው ደንበኛችን አንድ ካሴት በሩዝ ከረጢት ደብቃ አመጣችልን። ያን ጊዜ ስደተኛ ደብዳቤ አይጽፍም፤ ድምፁን ቀድቶ ይልካል። በአንድ ገጽ ላይ ወንድሜ ሥራ ማግኘቱን፣ ሙቀቱ ከድሬዳዋ እንደሚብስ ተናገረ፤ መሃል ላይም አንዴ ሳለ። እናቴን ናፈቀ፣ እኔን ናፈቀ፣ የጎረቤታችንን ፍየል ሳይቀር ሰላም በሉልኝ አለ። የአባቴን ስም አላነሳም።

እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ መስኮት ዘግተን፣ ድምፁን ዝቅ አድርገን እንሰማዋለን። አባቴ አይሰማም። ጀርባውን ሰጥቶን ሽቦ ይጠግናል፤ የሚገርመው ያ ሽቦ የሚበላሸው እሁድ ብቻ ነው። ፍየሏ ሰላምታዋን ስትቀበል እጁ ቀጥ ይላል። ካሴቱ ሲያልቅ ተነስቶ ይወጣል። በየሳምንቱ ተመሳሳይ ካሴት መሆኑን እያወቀ፣ በየሳምንቱ ይጠብቅ ነበር። አሳዝኖኛል፤ አናድዶኛልም።

አንድ ቀን የወንድሜን ካሴት ይዤ፣ ለምን ይህንንም አንገለብጠውም ስል አባቴን ጠየቅሁት።

«የዚያ ቅጂ ሲበዛ ዋስትና ነው» አለኝ። «የዚህ ቅጂ ሲበዛ ማስረጃ ነው።»

እውነቱን ነው፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የአብዮት ጥበቃዎች መጡብን። ኮንትሮባንድ ፍለጋ አይደለም፤ የእነሱም ቴሌቪዥን የመጣው በዚያው ባቡር ነው። የኮበለለ ልጅ ያለበት ቤት ከውጭ ምን እንደሚደርሰው ሊያዩ ነው። የዘፈን ካሴቶቻችንን አንድ በአንድ አጫወቱ። ከአባቴ መደርደሪያም አንዱን አንስተው ቴፕ ውስጥ ከተቱት። ድመቷ ጮኸች። አለቃቸው የየትኛው አገር ሬዲዮ እንደሆነ ጠየቀ። አባቴም ደስ ብሎት ስለ ሦስቱ ቅጂ፣ ስለ እሳት፣ ስለ ጎርፍ ያስረዳው ጀመር። አባቴ ገና መልካ ጀብዱ ሳይደርስ ሰውዬው «በቃ ጋሼ፣ ገብቶናል» ብሎ ተነሳ። የቀሩትን አልነኩም።

እናቴ ይህን አየች። በከተማው ውስጥ ማንም ሊያዳምጠው የማይደፍር መደርደሪያ አለ ማለት ነው። የወንድሜን ካሴት ከእህል ጣሳ ውስጥ አውጥታ፣ ለማንም ሳትናገር፣ ከአባቴ ካሴቶች መጨረሻ በስተግራ አቆመችው። አቧራ የለበሱት የግራዎቹ ናቸው፤ አሮጌውን ማን ይነካዋል ብላ ነው። አባቴ ግን ሥርዓት ያለው ሰው ነው። አዲሱን በቀኝ ያስቀምጣል፤ ሲቀዳ ደግሞ ከግራ፣ ከአሮጌው እያነሳ፣ በላዩ ላይ ይቀዳል።

እሁድ እናቴ ካሴቱን ከቀኝ ጫፍ አግኝታ ስታጫውት ከድሬዳዋ እስከ ድንበር ያለው የባቡር ሰዓት በሙሉ ጮኸብን። አባቴ ከወንበሩ ዞረ። ካሴቱን አገላብጦ አጫወተው፤ ሌላው ገጽ ድሮም ባዶ ነበር። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ደጋግሞ አዳመጠው፤ ምናልባት ከጩኸቱ ሥር አንድ ሳል ተርፎ እንደሆነ። አልተረፈም። ቅጂው ምንም እንከን አልነበረበትም። እናቴ አላለቀሰችም፤ አባቴንም አልወቀሰችውም። ብትወቅሰው ይሻለው ነበር።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ መጣ፤ አባቴ አልቀዳም። የሚቀጥለውም ቅዳሜ እንደዚሁ። ኮምፒውተሩ የዳንቴል ልብስ ለበሰ። ከደንበኛችንም ወሬ ጠፋ፤ ጅቡቲ ያሉት ሰዎች ልጁ ከዚያ ተነስቶ ሄዷል ከማለት በቀር የሚያውቁት አልነበረም።

አንድ እሁድ አባቴ ከቅዳሴ መልስ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ባዶ እጁን ሲያሻሽ እናቴ ነጠላዋን አጣጥፋ ከፊቱ ተቀመጠች።

«ምን ያስጨንቅሃል?» አለችው። «እኔ በቃሌ ይዤዋለሁ።»

ጀመረች። ሥራ ማግኘቱን ተናገረች፤ ሙቀቱን ተናገረች። ሳሉንም በቦታው ሳለችው። ስለ እኔ ያለውን አለች፤ አንድ ቃል አልሳተችም፤ እኔም በቃሌ ስለያዝኩት አውቃለሁ። ፍየሏ ጋ ደርሳ ሰላም አለቻት። እዚያ ላይ ካሴቱ ያልቃል። እናቴ ግን አላቆመችም።

«አባዬን ሳሚልኝ። ተቀይሜው አይደለም በይው።»

ቀና ብዬ አየኋት። አላየችኝም። አባቴ ያን ካሴት የሰማው ከእኔ እኩል ነው፤ የጎደለበትን ነገር ከማንም በላይ ያውቃል። አፍንጫውን በመሐረቡ ጠረገ።

«የመጨረሻውን ድገሚልኝ እስቲ» አላት።

ደገመችለት። በዚህኛው ላይ «በጣም» የምትል ቃል ጨመረችበት።