ሰላምታ የመሰለ ጥያቄ

ጃለኔ ባሏ ጉተማ ከሞተ ወዲህ አትስቅም፣ አታለቅስም። አምቦ ባለው የገበሬዎች ዩኒየን የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ናት። ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ነው፤ ስለ ሐዘኗ አንድም ቀን ስታወራ አልሰማሁም። ሲጠይቋት በኦሮምኛ «ነጋ»፣ ሰላም ነኝ ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

አምና አንድ ረጂ ድርጅት አውሮፓ በሚገኝ የቢዝነስ ትምህርት ቤት የኮቺንግ ሥልጠና ሊከፍልላት ተስማማ። ኮቺንግ ኃላፊን እየጠየቁ መፍትሔውን ከራሱ አፍ ማውጣት ነው፤ መምከር ክልክል ነው አሉ። ምክር ክልክል ሆኖ እኛ አገር ምን እንደሚወራ እንጃ።

ሁለት ትምህርት ቤቶች ቀረቡላት፤ የሆላንዱ በኢንተርኔት ብቻ ያስተምራል፤ የፈረንሳዩ ሦስት ወር እዚያው ያስቀምጣል። መምህራኑን አላወዳደረች፣ ሰርተፍኬቱን አላማረጠች።

«የፈረንሳዩ ይሁን» አለችኝ። «እቤቴ ማደር ሰልችቶኛል።»

የስብሰባ ሰዓት የምትነግረኝ ነበር የሚመስለው።

ፈረንሳዮቹ በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ አደረጉላት። መስመር ቢቋረጥ ብዬ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አንዲት ሽበታም ሴትዮ በእንግሊዝኛ «እንዴት ነሽ?» አለቻት።

«ደህና።»

«በእውነት እንዴት ነሽ?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ሴትዮዋ ወደ ካሜራው ጠጋ ብላ፣ «ጃለኔ፣ እንዴት ነሽ?» አለች።

«በጣም ደህና። እርስዎስ? ቤተሰብ ደህና ነው? ልጆችስ?»

እኛ ጋ ደጋግሞ መጠየቅ ሰላምታ ነው፤ በሰላምታ መሀል ሐዘኑን የሚዘረግፍ ነውረኛ ነው። እኔማ ፈረንጇ ሰላምታ ታውቅበታለች ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

በሳምንቱ መልስ መጣ። አመልካቿ ስለ ራሷ ለመናገር ዝግጁ ስላልሆነች አልተቀበልናትም ይላል። እኔ በገንኩ። ሥራ አስኪያጃችን ኦቦ አመዩ አንብበው፣ «ስለ ጉተማ አትነግሪያትም ነበር?» አሏት።

«ሰላም ነው እኮ ያለችኝ፣ ኦቦ አመዩ» አለች። «ስለ ጉተማ መቼ ጠየቀችኝ?»

የሆላንዱ ያለ ቃለ መጠይቅ ተቀበላት። ትምህርቱ ከሥራ ሰዓት በኋላ ስለሆነ ከቤቷ ነው የምትማረው። ኔትወርክ የት እንደሚይዝ ልናይ አብረን ሄድን። ስልኳን ይዛ ጓዳውን፣ ሳሎኑን፣ በረንዳውን ዞረች። የሚይዘው መስኮቱ ሥር ብቻ ነው፤ እዚያ ያለው የጉተማ ወንበር ነው። ከሞተ ጀምሮ ማንም አልተቀመጠበትም፤ ጋቢው እንኳ አልተነሳም።

ጃለኔ ጋቢውን አነሳች፣ አጠፈችው፣ ተቀመጠች።

«እንዴት ነሽ?» አልኳት።

«ደህና።»

ደግሜ መጠየቅ ፈራሁ።