ፓይን ሌክ የተማርኳቸው ቃላት

ያን ሰሞን የምሠራው ፓይን ሌክ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ አንዲት አሮጊት ቤት ነበር። የፓፑዋ ኒው ጊኒ ሰው ናቸው፤ እዚህ የምትኖረው ሴት ልጃቸው ናት ያመጣቻቸው። ኬርጊቨር፣ ማለትም አስታማሚ ሆኜ ስገባ ስትሮክ ከመታቸው ገና ጥቂት ወራቸው ነበር። ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝም። ከሁሉ የከፋው ግን እንግሊዝኛውም፣ በአገራቸው ሰው ሁሉ የሚግባባበት ቋንቋም ጠፍቶባቸው፣ የቀረላቸው በልጅነት የተናገሩት የመንደራቸው ቋንቋ ብቻ መሆኑ ነው። ሆስፒታሉ በስልክ አስተርጓሚ ቢፈልግ የቋንቋውን ስም እንኳ የሰማ ጠፋ። መዝገበ ቃላትም የለው።

ልጅየዋ ከተማ ስላደገች የምታውቀው የሕፃን ያህል ነው። ያንኑ አካፈለችኝ፤ ውሃ «ኑሙ»፣ ያማል «ኤሬ»፣ እምቢ «ካ»፣ እሳት «ታፕ»። በእነዚህ ቃላት ሙሉ ሺፍት እንውላለን። እኔ እማማ እላቸዋለሁ። አነጋገሬ ሲበላሽ በደህናው እጃቸው ጉልበቴን ቸብ ያደርጉኛል።

ሳምንቱን ሙሉ ሲዘንብ ሰንብቶ አንድ ከሰዓት ነፋስ ተነሣ። ልጅየዋ ራቅ ያለችው ከተማ ሮዝዌል ሥራ ላይ ናት። እማማን ትራስ አስደግፌ ሾርባ ሳበላቸው ድንገት እጄን ጨበጡ።

«ታፕ» አሉ።

ሳህኑን አስቀምጬ ወደ ኪችን ሮጥኩ። ምድጃው ጠፍቷል። ማሞቂያውን፣ ሶኬቱን ሁሉ አሸተትኩ። ምንም የለም። ተመልሼ ራሴን ነቀነቅኩላቸው።

«ታፕ! ታፕ!»

በርዷቸው ይሆናል ብዬ ብርድ ልብስ ደረብኩላቸው። «ካ!» ብለው ወረወሩት። ዓይናቸው ፈጧል፤ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። ሌላ ስትሮክ መጣ ብዬ ፊታቸውን አየሁ፤ አልተጣመመም። ግራ እጃቸውን እንዲያነሡ አሳየኋቸው፤ አነሡ። እጁ ግን አልወረደም። ከአልጋው አጠገብ ወዳለው መስኮት እንደተዘረጋ ቀረ።

ለልጅየዋ ደውዬ ስልኩን ስፒከር ላይ አደረግኩት።

«እሳት ይላሉ፤ እሳት ግን የለም» አልኳት።

«ላናግራት።»

እማማ ረጅም ነገር ተናገሩ።

«ምን አሉሽ?»

«እኔ እንጃ፣ በጣም ፈጠነችብኝ። ታፕ ሊተኛ ነው ያለች መሰለኝ። እሳት እንዴት ይተኛል? ቆይ… ልጅ ሳለሁ ታፕ አምጪ ብላ ትልከኝ ነበር።»

«እሳት?»

«አይ፣ እንጨት። እንጨት ነበር የማመጣላት።»

መጋረጃውን ገለጥኩት። ከቤቱ ጎን ያለው ትልቁ ዛፍ ወደ እኛ አዘንብሏል። ነፋሱ በመጣ ቁጥር ሥሩ ያለበት መሬት ከነሣሩ ብድግ ይልና መልሶ ይተኛል።

ዊልቼሩን ላምጣ አላልኩም። በብብታቸው ሥር ገብቼ ታቅፌ እየጎተትኩ አወጣኋቸው። ክብደታቸውን አላስታውስም፤ የማስታውሰው ጆሮዬ ሥር ሲያቃስቱ ነው። ሳሎኑን አልፈን የፊት ለፊቱ በር ላይ ስንደርስ ቤቱ ከመሠረቱ ተናወጠ። መኝታ ቤቱ ጣሪያው ወርዶ፣ ቅርንጫፉ አልጋው ላይ ተጋድሟል። ሁለታችንም በረንዳው ላይ ወደቅን።

ስልኬ እዚያው ክፍል ቀርቷል። ልጅየዋ የመጨረሻ የሰማችው ያን ድምፅ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ዝምታ። ጎረቤት መጥቶ በእሱ ስልክ ልደውልላት ስል ቁጥሯ ከአእምሮዬ ጠፋ። እሷ ከሮዝዌል ድረስ እናቴ ሞታለች እያለች ስትነዳ፣ እኔ ዝናቡ ውስጥ ተቀምጬ እማማን በጃኬቴ አቅፌ ነበር።

መንገዱ በሌላ የወደቀ ዛፍ ተዘግቶባት በእግሯ እየሮጠች መጣች። እማማ ሲያዩዋት ተቆጡ፤ አንድ ነገር ደጋግመው ጮኹባት። ልጅየዋ እግራቸው ሥር ተንበርክካ እያለቀሰች «እሺ፣ እሺ» ትላለች።

«ምን እያሉሽ ነው?» አልኳት።

«ጫማሽ የት አለ ነው የምትለኝ።» አንድ እግሯ ባዶ ነበር፤ ጭቃው ውስጥ ቀርቶባታል።

ቤቱ እስኪጠገን አፓርትመንት ገቡ። አሁን ልጅየዋ ማታ ማታ አጠገባቸው ቁጭ ብላ፣ በስልኳ እየቀዳች፣ የእያንዳንዱን ዕቃ ስም ትጠይቃቸዋለች። ታፕ ዛፍም፣ እንጨትም፣ እሳትም እንደሆነ ገና አሁን አጣራች። አንዳንዱን ቃል እሳቸውም ያጡታል። ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይፈልጉታል፤ እሷም ስልኩን እንደያዘች ትጠብቃቸዋለች።