ሳይነበብ የቀረው ዲግሪ

ታላቅ እህቴን፣ እትዬን፣ ባለፈው ሳምንት ቀበርናት። የሕይወት ታሪኳ ሲነበብ ደግነቷና የፈትል ሙያዋ ተነገረ። በስተርጅናዋ አራት ዓመት በማታ ተምራ በነገረ መለኮት ዲግሪ መያዟ ግን አልተነሳም። ያነበበው ሰባኪ አብሯት የተመረቀ ነው።

ትምህርቷን አውቀዋለሁ። እጇ ከእንዝርት ስለማይለቅ፣ ሽሮ ሜዳ ቤቷ ቁጭ ብዬ ደብተሯን የማነብላት እኔ ነበርኩ፤ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩት። ከባድ ቃል ሲገጥመኝ አልፈዋለሁ።

«ዘለልሽ፤ ተመለሺ» ትለኛለች፣ ዓይኗን ከጥጡ ሳታነሳ።

«ይሄ ሁሉ እንጀራ ይሆናል?» እላታለሁ።

«አንቺ ደግሞ ሁሉን በሆድሽ ትለኪያለሽ።»

ስትመረቅ ሰንበት ትምህርት ቤት ላስተምር ብላ የሰበካ ጉባኤውን ጠየቀች። «እማማ፣ ማስተማሩ ያደክምዎታል» ብለው የልጆቹን ጫማ እንድትጠብቅ መደቧት። አብረዋት የተማሩት ወንዶች ደመወዝ ተቆረጠላቸው። እሷ ጫማውን ጠበቀች፤ ቅር ብሏት እንደሆነም አልነገረችኝም። እኔን ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ትናንት ደብተሯን አውጥቼ ሳነብ አንድ መስመር ዘለልኩ። የሚመልሰኝ አጣሁ።

የልጅ ልጄ አጠገቤ ነበረች። እትዬ የተማረችበት ኮሌጅ ልትመዘገብ ፎርም ይዛለች።

«እማዬ፣ ምን አገኝበታለሁ?» አለችኝ።

«ከእነሱ ምንም። ሴት ስለሆንሽ ጫማ ያስጠብቁሻል።»

«እትዬስ ከትምህርቱ ምን አገኙ?»

እንጀራ ይሆናል ወይ እያልኩ ስጠይቃት አራት ዓመት አለፈ፤ ይህን ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቄያት አላውቅም።